የፈረሰ መቅደስ ድንጋይ ምን ይሁን?

ዕድሜ የተጫነው ወይም ለምእመናኑ የጠበበ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በስፍራው አዲስ ሲታነጽ፣ ከአሮጌው ሕንጻ የሚተርፉት የተጠረቡ ድንጋዮች፣ መቃንና ጉበኖች፣ የበር መዝጊያዎችና ጉልላቶች ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ በጣና ዙሪያ ባሉ አድባራትና ገዳማት ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ መልስ የሚያገኘው በምክክር ሳይሆን በችኮላ ነው፤ የማፍረሱ ሥራ ሲያበቃ ውይይቱ ገና አልተጀመረምና። ከእነዚህ ቅሪቶች ትንሽ ሐውልት፣ ማለትም ቅዳሴም ሆነ ማሕሌት የማይፈጸምበት፣ ሥራው የጠፋውን ሕንጻ ማስታወስ ብቻ የሆነ የቆመ ግንብ፣ መሥራት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ደግሞ የሥርዓትም የምሕንድስናም ጉዳይ ነው። የሚከተለው ምልልስ ጉዳዩን በሁለት ሰዎች አፍ ያቀርበዋል፤ አንደኛው በዜማና በአቋቋም የተመሰከረላቸው መሪጌታ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው በልጅነቱ ከእኚሁ መሪጌታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ የሕንጻ መሐንዲስ ነው።

ስፍራው ሐሙሲት ነው። ሐሙሲት በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በደራ ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ከበስተ ምዕራቧ የጣና ዳርቻ፣ በወለተ ጴጥሮስ ገዳም የምትታወቀው ቆራጣና የጣና ቂርቆስ ደሴት ይገኛሉ። በዚህ አካባቢ በጭቃና በእንጨት የተሠራው ክብ ቤተ ክርስቲያንና በብሎኬትና በኮንክሪት የሚነሣው አዲሱ ሕንጻ ገና ጎን ለጎን ስለሚታዩ፣ ጥያቄው የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ልዩ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

መሐንዲሱ፦ የኔታ፣ ነገሩ ከሥርዓቱ ቢጀመር የተሻለ ነው። ታቦቱ ወጥቶ ወደ መቃኞው፣ ማለትም አዲሱ ሕንጻ እስኪያልቅ ድረስ ቅዳሴው ወደሚካሄድበት ጊዜያዊ ቤት፣ ከገባ በኋላ አሮጌው ሕንጻ በቤተ ክርስቲያን ዓይን ምንድን ነው? ቅድስናው ከታቦቱ ጋር አብሮ ወጥቷል ወይስ በግድግዳው ላይ የቀረ አለ?

መሪጌታው፦ ልጄ፣ ቤቱን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው በሜሮን የከበረው ታቦት ነው፤ ስለዚህ ታቦት የወጣበት ቤት ቅዳሴ አይቀደስበትም። ይሁን እንጂ ያ ቤት እንደ ማንኛውም ጎጆ ሆነ ብሎ የሚያስተምር ሊቅ የለም፤ ዕጣን ሲያጥነው የኖረ ግድግዳ፣ ሕዝብ ሲሳለመው የኖረ መቃን ነውና። በልማድ እንደሚታየውም ከመቅደሱ የወጣ እንጨት የሰው ማድቤት አይገባም፤ ወይ እግር በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል፣ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ለዚያው ለቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት፣ ለቤተ ልሔሙ፣ ለደጀ ሰላሙ ወይም ለዕቃ ቤቱ መሥሪያ ይሆናል። ድንጋዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቅጽሩ ይሄዳል።

መሐንዲሱ፦ ይህ ጥንቃቄ በሌላውም ክርስቲያናዊ ዓለም የታወቀ ነው። በ1140 ገደማ ግራትያን የተባለው የቦሎኛ ሊቅ ባሰባሰበው የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቀኖና መድበል ውስጥ፣ የተባረከ ቤተ ክርስቲያን እንጨት ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር ለሌላ ሥራ እንዳይውል፣ የማይጠቅም ከሆነም እንዲቃጠል የሚያዝ ድንጋጌ ይገኛል። ሁለቱ ልማዶች ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ የደረሱት፣ ጉዳዩን ያነሡት ከተመሳሳይ ጭንቀት በመሆኑ ሊሆን ይችላል።

መሪጌታው፦ እንግዲያውስ የታወቁት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ወይ ቅሪቱ ወደ አገልግሎት ይመለሳል፣ ወይ ከዓይን ይሰወራል። ሐውልት የሚባለው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ አያገለግልም፣ አይሰወርምም። ያልነበረ ነገር ሲመጣ ምክንያቱን ይዞ ይምጣ።

መሐንዲሱ፦ ምክንያቱ የሚገኘው የመጀመሪያው መንገድ የደረሰበትን በማየት ነው፤ ለዚህም ከየሓ የተሻለ ማስረጃ በኢትዮጵያ አይገኝም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደታነጸ የሚገመተውና አልመቃህ ለተባለው የሳባውያን አምላክ የቆመው የየሓ ታላቅ ቤተ መቅደስ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ በተገጣጠሙ ድንጋዮቹ፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ይዞ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከጎኑ ያለው ደግሞ ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአባ አፍጼ ስም የተተከለው ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ በተርታ የተቀረጹ ዋልያዎች ያሉባቸው ጥንታዊ ድንጋዮች ገብተው ይታያሉ። በኪነ ሕንጻ ታሪክ እንዲህ ከፈረሰ ሕንጻ ተነሥቶ በሌላ ሕንጻ ውስጥ የተተከለ ቁራጭ ስፖሊያ ይባላል።

መሪጌታው፦ ታዲያ ይህ የመጀመሪያውን መንገድ የሚደግፍ እንጂ የሚነቅፍ አይደለም። ድንጋዩ ተረፈ፤ ክብሩም አልጎደለም፤ ቅዳሴ በሚሰማበት ግንብ ውስጥ ሆኖ ዘመን ተሻገረ። ዋልያዎቹ ሜዳ ላይ ቢቀሩ ኖሮ እረኛ ይሰባብራቸው ነበር።

መሐንዲሱ፦ መትረፉ አያከራክርም። የሚያከራክረው ቁራጩ ስለ መጣበት ቤት የሚናገረው ነገር ነው። ዋልያዎቹ በመጀመሪያው ሕንጻ ላይ የተደረደሩት በበሩ ግራና ቀኝ ነበር ወይስ በጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ በስንት ረድፍ፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ ዞረው የሚሉትን ጥያቄዎች ግንቡ ራሱ አይመልስም፤ ድንጋዩን በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ያስገባው ግንበኛ የፈለገው በደንብ የተጠረበ ድንጋይ እንጂ ምስክር አልነበረምና። በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ጉዞ በአክሱምና በአካባቢው ያሉትን ሕንጻዎች ለክቶ፣ ሥሎ፣ በ1913 በርሊን ላይ በአራት ጥራዝ ባያሳትም ኖሮ፣ ስለ እነዚህ ቅሪቶች ዛሬ የሚታወቀው እጅግ ባነሰ ነበር። ያ ሥራ አንድም ድንጋይ ሳያቆም ብዙ ድንጋዮችን አናግሯል።

መሪጌታው፦ እንግዲህ ሐውልት ከመትከል ይልቅ መጽሐፍ ማሳተም ይበቃል ማለት ነው።

መሐንዲሱ፦ ሁለቱ የሚነጣጠሉ አይደሉም፤ ነገሩ ወደዚያ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ግን የአክሱም ጽዮንን ማንሣት ይጠቅማል። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያያት አክሱም ጽዮን አምስት ረድፍ ክፍል ያላት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ በ1530ዎቹ በኢማም አሕመድ ጦርነት ከጠፋች በኋላ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራችው ያነሰች ስትሆን፣ የቆመችው ግን በዚያው በጥንቱ የደረጃ መሠረት ላይ ነው። እዚያ የሄደ ሰው የጠፋችውን ቤተ ክርስቲያን ትልቅነት የሚያውቀው ከአዲሷ ግድግዳ ሳይሆን፣ ግድግዳዋ ሳይሸፍነው ከቀረው ሰፊ ወለልና ደረጃ ነው። እዚህ ላይ ድንጋዩ የሚናገረው ከቦታው ስላልተነሣ ነው።

መሪጌታው፦ ይህኛው ይበልጥ ይገባል። ይሁንና ሩቅ ሳይኬድ የዚሁ የጣና ዳርቻ ቢነሣ ጥሩ ነው። ጎርጎራ ላይ የቆመው ግንብ ለምን እንደዚያ ሆነ?

መሐንዲሱ፦ የጎርጎራው ነገር ለዚህ ጥያቄ ከሁሉም የቀረበ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ፣ ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት፣ የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ፣ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ዛሬ ማርያም ግምብ እየተባለ በሚጠራው ስፍራ፣ ኢየሱሳውያን ማለትም የኢየሱስ ማኅበር የተባለው የካቶሊክ ሥርዓት አባላት በ1620ዎቹ በኖራ የተያያዘ፣ በጽጌረዳና በሌላም ቅርጽ የተጌጠ ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ቀደም ብሎ በአሮጌው ጎርጎራ ሲሠራ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ በ1622 ስለ ሞተ ይህን አላየም። በ1632 ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ፤ ኢየሱሳውያኑም ብዙ ሳይቆዩ ተባረሩ። ከዚያ በኋላ ግንቡን ያፈረሰው ዘመቻ ሳይሆን ዝናም፣ የዛፍ ሥርና ጥንቃቄ ማጣት ነው። በ1930ዎቹ የተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ቆመው የሚታዩ የተጌጡ ክፍሎች ዛሬ ፍርስራሽ ናቸው፤ ከ2006 ጀምሮ ከማድሪዱ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ በቪክቶር ፈርናንዴዝ መሪነት የመጡት የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪዎች የሕንጻውን መልክ ለማወቅ ከመሬቱ ጋር እነዚያን አሮጌ ፎቶግራፎች ማገናዘብ ነበረባቸው።

መሪጌታው፦ ጥንቃቄ ማጣት ብቻ አይደለም፤ አለመፈለግም አለ፣ ይህም ሳይሸፋፈን ቢነገር ይሻላል። የዚህ ዳርቻ ገዳማት ከዚያ ዘመን የሚያስታውሱት ግንቡን ሳይሆን ግንቡን ያሠራውን ትእዛዝ የተቃወሙትን ነው። ከ1592 እስከ 1642 የኖረችው እናታችን ወለተ ጴጥሮስ ከንጉሡ የጦር አዛዦች አንዱ የነበረውን ባሏን መልክአ ክርስቶስን ጥላ መንና፣ እየተሰደደች ሕዝቡን ያጸናችው በዚህ በጣና ዙሪያ ነው፤ መቃብሯ በሬማ ደሴት፣ ስሟ በቆራጣ ይኖራል፤ ገድሏም በ1672 ተጽፏል። የእርሷን ገድል የሚያነብ ማኅበር የጎርጎራው ጽጌረዳ ሲረግፍ ለምን አላለቀሰም ተብሎ ሊወቀስ ይችላልን?

መሐንዲሱ፦ ሊወቀስ አይችልም፤ ደግሞም በባሕር ዳር በቅዱስ ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ በዚያ ዘመን አሠራር የተሠራ፣ በልማድ ለፓኤዝ የሚሰጠው ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ሳይፈርስ መቆየቱ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር የተቃዋሚውንም ሥራ ጠብቆ ሊያቆይ እንደሚችል ያሳያል። ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት ግን ሌላ ነው። የጎርጎራው ግንብ ቀስ ብሎ በመፍረሱ ሊቀረጽና ሊለካ ጊዜ ነበረው፤ በደራና በፎገራ፣ በአቸፈርና በዘጌ ያለ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ግን ኮሚቴው በወሰነ ሰሞን ይፈርሳል። ድንጋይ ግንብ መቶ ዓመት የሚወስድበትን መፍረስ ጭቃው በሳምንት ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ምስክሩ የሚጠበቀው ከጎርጎራው በላይ በዚህኛው ላይ ነው።

መሪጌታው፦ ከጭቃ ቤት ምን ይተርፋል? ጭቃው ጭቃ ነው።

መሐንዲሱ፦ የአንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን በር ቀረብ ተብሎ ቢታይ የሚተርፈው ይታወቃል። ከቅድስቱ ወደ መቅደሱ የሚያስገባው መዝጊያ ብዙ ጊዜ ከወፍራም የዋንዛ ሳንቃ በመጥረቢያና በመፋቂያ የወጣ ነው፤ ማጠፊያ ብረት የለውም፤ ከሳንቃው ጋር አንድ ሆኖ የተተወ ተረከዝ ከታች በድንጋይ ጉድጓድ፣ ከላይ በጉበኑ ቀዳዳ ገብቶ ይሽከረከራል። የድንጋዩ ጉድጓድ በመክፈትና በመዝጋት ብዛት ወደ አንድ ጎን ተበልቶ ሞላላ ሆኗል። በመዝጊያው ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ከተሣሉ፣ ከወገባቸው በላይ ቀለሙ ደህና ሲሆን፣ ሰው ተንበርክኮ በሚሳለምበት ከፍታ ግን ቀለሙ አልቆ ሳንቃው ይታያል፤ ከእርሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ የጧፍ ጢስ ያጠቆረው አለ። መቃኑም በግራ በኩል ከቀኙ ይልቅ የለሰለሰ ከሆነ፣ ሕዝቡ በየትኛው በኩል ይገባ እንደነበር ያስረዳል። ይህን ሁሉ የጻፈ ሰው የለም፤ የተጻፈው በመዝጊያው፣ በመቃኑና በተረከዙ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው።

መሪጌታው፦ ይህስ እውነት ነው። በቃል የሚነገር ታሪክ ያለው ቤት እንኳ ስለ ሕዝቡ አገባብና አወጣጥ አይነገርለትም፤ የሚነገረው ማን እንደ ተከለው ነው።

መሐንዲሱ፦ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ከዚህ የሚነሣ ነው፤ ሐውልቱ የሚሠራው በሚገነባበት ቀን ሳይሆን በሚፈርስበት ቀን ነው። የተረከዙ ድንጋይ ከየትኛው በር እንደ ወጣ፣ ወደ የት ዞሮ እንደ ነበር፣ ከመሬት ምን ያህል እንደ ጠለቀ ካልተመዘገበ፣ በኋላ በሲሚንቶ አጊጦ ቢቆም እንኳ ጉድጓድ ያለው ድንጋይ ነው። በጣና ቂርቆስ ደሴት አናታቸው የተቦረቦረ የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ ትውፊቱ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት በደሴቱ ባረፈችበት ዘመን መሥዋዕት የቀረበባቸው ናቸው ይላል። ትውፊቱን የሚናገር መነኩሴ እስካለ ድረስ ድንጋዮቹ ይናገራሉ፤ ስለቆሙበት ሕንጻ ወይም ዐውድ ግን ከድንጋዮቹ ብቻ የሚገኝ መልስ የለም።

መሪጌታው፦ የትውፊቱን ጉልበት አታሳንስ። ወረቀት ይበላል፣ ድንጋይ ይነቀላል፤ ቃል ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ይኖራል።

መሐንዲሱ፦ ጉልበቱ አይናቅም፤ ነገር ግን ቃል የሚያሻግረው የሚደነቀውን ነው፣ የበሩን ስፋት አያሻግርም። የድሬዝደኑ ምሳሌ ይህን ግልጽ ያደርገዋል። በጀርመን የድሬዝደን ከተማ ፍራውን ኪርኸ የተባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 1945 ከተማይቱ በቦምብ ስትደበደብ ተቃጥሎ ፈረሰ፤ ክምሩ ከአርባ ዓመት በላይ ሳይነሣ ቆየ። በ1990ዎቹ መልሶ መሥራት ሲጀመር እያንዳንዱ ድንጋይ ከክምሩ ውስጥ በወደቀበት ቦታ ቁጥር ተሰጥቶትና ተለክቶ ወጣ፤ ከወደቀበት ቦታ ተነሥቶም በግንቡ ላይ የነበረበት ስፍራ ተገመተ። በ2005 በተመረቀው ሕንጻ ላይ ወደ 3,800 የሚጠጉ የጠቆሩ አሮጌ ድንጋዮች በአዲሶቹ ነጫጭ ድንጋዮች መካከል ጎልተው ይታያሉ። እንዲህ የተበታተኑትን የሕንጻውን የራሱን ክፍሎች ወደ ቦታቸው መልሶ መገጣጠም አናስቲሎሲስ ይባላል፤ የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር፣ ማለትም የሐውልት ጥገና ባለሙያዎች የተስማሙበት ሰነድ፣ ይህን ፈቅዶ ለመደጎሚያ የሚገባው አዲስ ነገር ግን ከአሮጌው ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል።

መሪጌታው፦ ይህ የሀብታም አገር ሥራ ነው። የሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ለቆርቆሮ እንኳ አይበቃም።

መሐንዲሱ፦ ትንሹም አለ። የእንግሊዙ የኮቨንትሪ ካቴድራል በኅዳር 1940 በጀርመን አውሮፕላኖች ሲቃጠል፣ አንድ ግንበኛ ከጣሪያው የወደቁ ሁለት የከሰሉ ወራጆችን በመስቀል ቅርጽ አስሮ አቆማቸው፤ ከዚያው ጣሪያ የተገኙ አሮጌ ሚስማሮችም መስቀል ሆነው ተሠሩ። ምንም ወጪ የለውም፤ ቁጥርም አላስፈለገውም፤ የከሰለ እንጨት ስለ እሳት እማኝ መጥራት አያሻውም።

መሪጌታው፦ እርሱ ይሻላል። ግን ልብ ይባል፤ ያንን ያፈረሰው ጠላት ነው። የዚህ አገሩን የሚያፈርሰው ራሱ ባለቤቱ ነው። በገዛ እጅ አፍርሶ በገዛ እጅ መታሰቢያ ማቆም አፍራሹ ራሱን የሚያጽናናበት ነገር አይሆንም ወይ?

መሐንዲሱ፦ ሊሆን ይችላል፤ የሚከለክለው በሐውልቱ ላይ የሚጻፈው ነገር ነው። በላይፕሲክ ከተማ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ክርስቲያን በ1968 ግንቦት በመንግሥት ትእዛዝ በፈንጂ ሲፈርስ፣ ከውሳኔው እስከ ፍንዳታው ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ በግድግዳው ላይ የነበሩ የሙታን መታሰቢያ ጽላቶች በችኮላ ተነሥተው ነበር፤ ዛሬ በስፍራው በተሠራው አዲስ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅለዋል። እነዚያ ቁራጮች ሙሉ የሚሆኑት ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳፈረሰው አብሮ ሲነገር ነው። በጣና ዳርቻም እንዲሁ ነው፤ ለምን እንደፈረሰ ያልጻፈ ሐውልት ግማሹን የደበቀ ሐውልት ነው።

መሪጌታው፦ ምክንያቱን ማን ደፍሮ ይጽፋል? አንዳንዱ በእውነት ምስጥ ስለበላው፣ ክዳኑ ስላፈሰሰና ሕዝቡ ስለበዛ ይፈርሳል፤ ይህ ተገቢ ነው። አንዳንዱ ግን የጎረቤት ደብር በኮንክሪት ስለሠራ ጭቃው አሳፍሮ ይፈርሳል። ይህን በግእዝ በድንጋይ ላይ የሚያስቀርጽ ኮሚቴ እስከ ዛሬ አልታየም፤ የሚቀረጸው የለጋሾች ስም ነው፣ እርሱም በሰፊው።

መሐንዲሱ፦ እንግዲያው በሐውልቱ ላይ የለጋሽ ስም እንዳይወጣ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። የለጋሾች ሰሌዳ በአዲሱ ሕንጻ ላይ ቦታ አለው፤ ይኸኛው የአሮጌው ነው። የተተከለበት ዘመን፣ የፈረሰበት ዓመተ ምሕረት፣ የፈረሰበት ምክንያትና እያንዳንዱ ቁራጭ የቆመበት ስፍራ ከተጻፈ ይበቃል።

መሪጌታው፦ ሌላም የሚያሳስብ አለ፤ ማትረፍ በሚል ስም የሚወሰድ ነገር። የጎንደሩ የአባ እንጦንስ ሥዕሎች ታሪክ ቤተ ክህነት ዛሬም ይናገረዋል።

መሐንዲሱ፦ የዳካር ጅቡቲ ጉዞ የሚባለው ነው። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የምርምር ቡድን በ1932 ጎንደር በቆየበት ጊዜ፣ በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በጨርቅ ተሥለው የተለጠፉትን ሥዕሎች አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። የተሰጠው ምክንያት ሥዕሎቹ ከመጥፋት እንዲድኑ የሚል ነበር። ሥዕሎቹ ከጥፋት ተርፈው ይሆናል፤ ሕዝቡ ግን የእነርሱ ባለቤት ሆኖ አልተረፈም። ለዚህም ነው ትንሽ ሐውልት በቅጽሩ ውስጥ፣ በሰበካ ጉባኤው እጅ ይቁም የሚባለው፤ ከቤተ መዘክር የሚለየውም በዚሁ ነው። ሕጉም ቢሆን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሣ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ዕድሜ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሲፈርስ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከማፍረሱ በፊት እንጂ በኋላ ሊጠራ አይገባም።

መሪጌታው፦ ቦታውስ የት ይሁን? አዲሱ ሕንጻ ከአሮጌው ሰፍቶ በዚያው ላይ ካረፈ ጥያቄ የለም፤ ብዙ ጊዜ ግን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይሠራል። ያን ጊዜ አሮጌው መቅደስ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ሕፃናት ይሮጡበታል፣ በበዓል ቀን ሕዝቡ ይተራመስበታል፣ ያውም ታቦት ሲከብርበት የኖረ መሬት ሆኖ። አሮጌዎቹ ካህናት ችግሩን በዛፍ ወይም በእሾህ አጥር ይወጡት ነበር።

መሐንዲሱ፦ ሐውልቱ ከዚያ ቦታ በቀር ሊቆም አይገባውም፤ በዚህ ዓይነት መጀመሪያ የተጠየቀው ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። አያገለግልም ተብሎ ነበር፤ እግር እንዳይረግጠው ቦታውን ሲጠብቅ ግን አገልግሎት አለው። ቅርጹም ከዚሁ ይወሰናል፤ አራት ማዕዘን የነበረው መቅደስ መሠረት ድንጋዮቹ በነበሩበት ቦታ በአንድ ረድፍ ይቀራሉ፤ በመካከሉ፣ ከሰው ወገብ የማይበልጥ ከፍታ ያለው፣ ከማዕዘን ድንጋዮቹ የተሠራ ምሰሶ ይነሣል፤ የምሥራቁ በር መድረክና የተረከዙ ድንጋይ ደግሞ በነበሩበት በር ላይ ይቆያሉ።

መሪጌታው፦ ጉልላቱና መዝጊያውስ?

መሐንዲሱ፦ እንጨት በውጭ አይኖርም። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው የጣና ዝናምና ምስጡ በጥቂት ክረምት ይጨርሱታል፤ መስታወት ቢለብስ ደግሞ ውስጡ ላብ ያልበዋል። መዝጊያው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ተለይቶ፣ በዕቃ ቤት ይቀመጥ። ጉልላቱ ከነሰጎን እንቁላሎቹ ደህና ከሆነ በአዲሱ ሕንጻ ላይ ሊወጣ ይችላል። ማያያዣውም ቢሆን የሚታሰብበት ነው፤ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ሲነቀል ሙሉ ይወጣል፣ በኖራ የተያያዘውም ኖራው ከድንጋዩ ስለሚለሰልስ በጥንቃቄ ይለያያል፣ በሲሚንቶ የተያያዘ ግን ሲነቀል ድንጋዩ ይቀድማል። ሐውልቱ በኖራ ይሠራ የሚባለው ስለ ውበት ሳይሆን፣ ነገ የተሻለ የሚያውቅ ትውልድ መጥቶ ፈትቶ ሊገጥመው እንዲችል ነው። ቁጥሩም በማይታየው የድንጋዩ ጎን ላይ ይጻፍ፤ አንዱ የዝርዝር ቅጂ በሰበካ ጉባኤው፣ ሌላው በወረዳው ይቀመጥ።

መሪጌታው፦ ለዚህ ደብር በተዘጋጀው ዝርዝር ላይ የድንጋይ ደወል ተጽፎ ታይቷል። በዛፍ ላይ በጠፍር የተንጠለጠለው፣ ሲመቱት የሚጮኸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ለምን ወደ ሐውልቱ ይገባል?

መሐንዲሱ፦ ከሁሉም ቁራጮች የሚበልጠው እርሱ ስለሆነ ነው። መሐሉ በምት ብዛት ነጥቶ ጎድጉዷል፤ ከአሮጌው ቤት ጋር እኩል ዕድሜ እንዳለው ይነገርለታል። አዲሱ ሕንጻ የብረት ደወልና የድምፅ ማጉያ ስለሚኖረው ደግሞ ሥራ ይፈታል።

መሪጌታው፦ አይፈታም። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚደወለው እርሱ ነው፤ በጾም ቀን ወደ ሜዳ የወጣ ገበሬም የቅዳሴ መግቢያን የሚለየው በእርሱ ድምፅ ነው። ግንብ ውስጥ የገባ ደወል አይጮኽም።

መሐንዲሱ፦ እንግዲያው ከዝርዝሩ ይሰረዝ፤ ባለበት ዛፍ ላይ ይቆይ፣ ጠፍሩ ብቻ ይለወጥለት። በእርሱ ምትክ ግን የተሰበረው ሁለተኛው ደወል ይግባ፤ ቁራጩ በቅጽሩ ሥር ወድቆ ይገኛል።

መሪጌታው፦ እርሱ ይሁን። በማን እጅ እንደ ተሰበረ ግን አይጻፍ፤ ሰውየው ገና በሕይወት አለ።